ከሚዛን እስከ ቴፒ፦ በቡና ጫካ ውስጥ ማብሰልና ድፎ መጋገር

ቡናው ሲቀላ ከሚዛን አማን እስከ ቴፒ ያለው ጫካ ሰው ይበዛበታል። ቤተሰብ ከነልጁ ወደ ማሳው ይወርዳል፤ ከሩቅ የመጣ ለቃሚ በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ይሰፍራል፤ ተማሪው፣ የቅመማ ቅመም ተመራማሪው፣ ማር ቆራጩ፣ አገር ጎብኚው ሁሉም ቀኑን፣ አንዳንዴም ሌሊቱን ከቤት ውጭ ያሳልፋል። የብዙዎቹ ስንቅ በሶ፣ ቆሎና ማለዳ ተጋግሮ እኩለ ቀን ላይ የደረቀ ቂጣ ነው። እንዲህ ዝናብ በሚበዛበት አገር ውጭ ማብሰል የማይሞከር ይመስላቸዋል። ይሞከራል፣ ይቻላልም። አንድ ትንሽ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ወፍራም ድስት ከነክዳኑ፣ ከጓሮ የተቆረጠ የኮባ ቅጠልና የግማሽ ቀን ትዕግሥት ያለው ሰው እዚያው ማሳው ዳር ድፎ ዳቦ ጋግሮ መቁረስ ይችላል።

ማብሰሉ ብዙም አያስቸግርም፤ ሰው የሚቸገረው መጋገሩ ላይ ነው። የሚቸገረውም ከታች ስለሚነደው እሳት ብቻ ስለሚያስብ ነው። ዳቦ ከላይም መሞቅ አለበት። የደጋ እናቶች ድፎውን በኮባ ጠቅልለው፣ ምጣዱን ከድነው፣ በክዳኑ ላይ ፍም ወይም የኩበት እሳት ሲደርቡ ይህንኑ እያደረጉ ነው። አሜሪካኖች ደች ኦቨን የሚሉት ባለ እግር የብረት ድስትም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ክዳኑ ዙሪያውን ከንፈር ያለው ፍሙ እንዳይንሸራተት ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር ውድ የካምፕ ምድጃ ካላስመጣሁ ብላችሁ አትዘግዩ። የሚያስፈልጋችሁ ሁሉ በሚዛን ወይም በቴፒ ገበያ ይገኛል።

ምድጃውን መምረጥ

ሦስት ዓይነት ምርጫ አላችሁ፤ የምትወስኑት በምታበስሉት ነገርና በምትቆዩበት ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ትንሿ ባለ ሲሊንደር ቡታጋዝ ናት። ለአንድ ቀን ለሚሄድ፣ ቡናና ሻይ ለማፍላት፣ እንቁላል ለመጥበስ፣ ሽሮ ለማንተክተክ የሚስተካከላት የለም። ዝናብ እየጣለም ወዲያው ትነዳለች፣ ጭስ የላትም። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ሲሊንደሯ ከማቃጠያው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሳሙና አረፋ ቀቡት፤ አረፋው ከተነፋ ጋዝ ያፈስሳል ማለት ነው፣ አትውሰዷት። ነፋስ ለመከላከል ዙሪያዋን በቆርቆሮ ግጥም አድርጎ መጋረድም አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ ወደ ሲሊንደሩ ይመለሳል። ነፋሱ በሚመጣበት በአንድ በኩል ብቻ ጋርዱ። ለዳቦ ደግሞ አትሆንም፤ እሳቷ አንድ ቦታ ላይ ያተኩርና መሐሉ ሲያር ዳሩ ሊጥ እንደሆነ ይቀራል።

ሁለተኛው የእንጨት ምድጃ ነው። ትክክል የሚባለው ውስጡ ሸክላ፣ ውጩ ቆርቆሮ የሆነ ምድጃ በጭራሮ ብቻ አንድ ድስት ያበስላል፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ማገዶ እጅግ ያነሰ ነው። ብዙ ሰው ሆናችሁ ለሳምንታት የምትሰፍሩ ከሆነና ደረቅ እንጨት ካላችሁ እሱን ያዙ። ችግሩ ያለው “ደረቅ” የሚለው ላይ ነው። ቴፒ አካባቢ በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ ለቀማው የሚጀመረውም ዝናቡ ገና ሳይወጣ ነው። መሬት ላይ ወድቆ ያገኛችሁት እንጨት ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ውሃ ነው። እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ያንን ውሃ በማትነን ስለሆነ ለእናንተ የሚተርፈው ጭሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛውና እኔ ለመጋገር የምመርጠው የከሰል ምድጃ ነው። ላቀች የሚባለውን፣ ወገቡ የጠበበውንና ውስጡ በሸክላ የተለበጠውን ፈልጉ፤ ከኬንያው የሸክላ ጂኮ ጋር ይመሳሰላል። ሸክላው ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል። ለዳቦ ደግሞ ከቁጠባው ይልቅ የሚጠቅማችሁ ሙቀቱ ቶሎ የማይወጣና የማይወርድ መሆኑ ነው። ስትገዙ ሸክላው አለመሰንጠቁን በጣት አንኳኩታችሁ አረጋግጡ፤ ስትጓዙም በጆንያ ጠቅልላችሁ ያዙት፣ በመኪናው ወለል ላይ ከተንገጫገጨ ይሰነጠቃል።

ከሰሉን ከገበያ ገዝታችሁ ሂዱ። ጫካው ውስጥ ለማክሰል አታስቡ። የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የካፋ ደን ደግሞ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆነው ተመዝግበዋል፤ የደኑ ዋና እምብርት ዛፍ የማይቆረጥበት ነው። ከዚያም ውጭ ቢሆን ዋንዛውና ሰሳው የቡናው ጥላ ናቸው፤ አንዱ ሲቆረጥ ከሥሩ ያለው ቡና ፀሐይ ይመታዋል። ማገዶ ካስፈለጋችሁ የማሳውን ባለቤት የጉንደላ እንጨት ጠይቁ። ያረጀ ቡና ለማደስ ሲጎነደል የሚወጣው ግንድ ጠንካራ ነው፤ ከደረቀ ቶሎ አይከስምም፣ ፍሙም ደህና ይቆያል።

ዕቃው

ድስቱ የዚህ ሥራ ዋና ዕቃ ነው። ከቀለጠ አሉሚኒየም ተፈስሶ የተሠራ ወፍራም ድስት ወይም ብረት ድስት ይሁን፤ አፉ 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ፣ ክዳኑ ጠፍጣፋ። ጉብ ያለ እፍያ ፍም አይዝም። ጠፍጣፋ ክዳን ካጣችሁ ክዳኑን ገልብጣችሁ ግጠሙት፣ ወይም ድስቱ ላይ ብረት ምጣድ ደፍታችሁ ፍሙን እሱ ላይ አድርጉ። ስስ ድስት ለዚህ ሥራ አይሆንም። ከሥሩ ፍም ሲራገብ ይጣመማል፣ ዳቦውንም ያሳርራል።

ከዚያ ውጭ የሚያስፈልጉት ጥቂት ናቸው፦ ፍም ማንሻ መቆንጠጫ፣ ክዳን ማንሻ የሚሆን ረጅም የብረት መንጠቆ፣ ማራገቢያ፣ ከእግር እስከ ራስ የሚሸፍን ሸራ ወይም ወፍራም ላስቲክ፣ ገመድ፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ ክዳን ያለው ጣሳ። ክብሪቱን፣ ጨውንና እርሾውን በየራሳቸው በላስቲክ ቋጥራችሁ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱ። በዚህ አገር ያልተሸፈነ ክብሪት በአንድ ሌሊት እርጥበት ይስባል። ለማቀጣጠያ የሚሆን ደረቅ ጭራሮና ጥቂት የበቆሎ ቆረቆንዳም ከቤት ይዛችሁ ውጡ፤ በመንገድ አገኛለሁ ማለት አያዋጣም።

ቦታው

ምድጃውን ከማስቀመጣችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፉን ተመልከቱ። ከቦንጋ እስከ ማሻ፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ጫካው የንብ አገር ነው፤ ረጅሙ ቀፎ የሚሰቀለው ከፍ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ከታች ለሚያልፍ ሰው አይታይም። ከቀፎ ሥር እሳት ማንደድ ለንቡም ለእናንተም መጥፎ ነው። ደረቅ ቅርንጫፍ የተንጠለጠለበትንም ዛፍ ሽሹ።

ቀጥሎ መሬቱን እዩ። ቡና ምግቡን የሚስበው ከላይኛው አፈር ውስጥ በተዘረጉ ቀጫጭን ሥሮች ነው። ከግንዱ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ እሳት ማንደድ እነዚያን ሥሮች ማቃጠል ነው፤ ከቅጠሉ ብስባሽ ሥር ያለ ፍምም ሳይታይ ሲጤስ ሊያድር ይችላል። ምድጃ ይዞ መሄድ የሚጠቅመው ለዚህም ነው። ቅጠሉን በእግራችሁ ገፋ አድርጋችሁ፣ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጡብ ዘርግታችሁ ምድጃውን በዚያ ላይ አስቀምጡ። ድንጋዩን ከወንዝ አታምጡ፤ ውስጡ ውሃ ያለው ድንጋይ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ነው። ቡና የተሰጣበት አልጋ አጠገብ አታብስሉ። የተሰጣ ቡና፣ ጀንፈሉም የታጠበውም፣ ሽታ ይስባል። ጭስ ከሳበ የጭስ፣ ላምባ ከሳበ የላምባ ጠረን ይዞ ይቀራል፤ ቀማሹም ጽዋው ውስጥ ያገኘዋል። ገበሬው ወራት የደከመበትን ቡና የእናንተ ምሳ ደረጃውን እንዳያወርድበት ምድጃችሁን ከአልጋው በደንብ አርቁ፣ ነፋሱም ከአልጋው ወደ እናንተ የሚመጣበትን ወገን ምረጡ። ላምባ የያዘ ዕቃማ ከቡና ጋር በአንድ መኪና እንኳ ባይጫን ይመረጣል።

ሸራውን ከምድጃው በላይ ሰው ቆሞ እጁን ቢዘረጋ በማይደርስበት ቁመት ወጥሩ፤ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጉና ውሃው ወደዚያ ይፍሰስ። ሁለቱ ጎኖች ክፍት ይሁኑ።

ይህን ያልሁበት ምክንያት አለኝና ልብ ብላችሁ አንብቡት። ዝናቡ ሲበረታ ምድጃውን ወደ ድንኳን ወይም ወደ ጎጆ ማስገባት ያምራል፤ ያሞቃል፣ ፍሙም አይጠፋም። አታስገቡ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣዋል። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ አመድ ሲለብስ “አሁን ደህና ነው” ይባላል፤ ጋዙ ግን ያን ጊዜም ይወጣል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲጀምር ሰው የጉዞ ድካም ይመስለውና ይተኛል፤ ተኝቶም ይቀራል። ዝናብ ከበረታ ድስቱን አውርዱ፣ ምድጃውን ሸራው ሥር ተዉት፣ እናንተ ብቻ ግቡ። በአገራችን በየዓመቱ ከሰል እቤት አስገብቶ የሚያድር ሰው ይሞታል፤ ጎረቤቱ የሚያውቀው በማግስቱ ነው።

ድፎው

ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት በቂ ነው። ከእሱ ጋር አንድ የሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሞላ ያላለ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ግማሽ ማንኪያ የተወቀጠ ድንብላል፣ ሦስት ወይም አራት ማንኪያ ዘይት፣ ከ650 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ያዙ። በዚህ አገር ተገኝቶ ኮረሪማ ሳይጨመርበት የሚጋገር ድፎ ያሳዝነኛል። ኮረሪማ የካፋና የሸካ ጫካ ተወላጅ ነው፤ ከቡናው ሥር በጥላው ይበቅላል። ሦስት ወይም አራት ፍሬ ፈልፍላችሁ ዘሩን ሸርክቱና ከሊጡ ጋር አቡኩት። በዱቄት መልክ የተሸጠውን አትግዙ፣ መዓዛው አይቆይም።

እርሾውን ከለብ ያለው ውሃ ግማሹ ጋር በጥብጡና አሥር ደቂቃ ተዉት። አረፋ ካላወጣ እርሾው ሞቷል፤ ዱቄታችሁን አታባክኑ፣ ቂጣ ጋግሩ። አረፋ ካወጣ ከዱቄቱ ጋር ቀላቅሉ፣ ቅመሙን፣ ጨውንና ዘይቱን ጨምሩ፣ የቀረውን ውሃ ጥቂት በጥቂት እያደረጋችሁ አቡኩ። የድፎ ሊጥ ከአምባሻ ሊጥ ይለሰልሳል፤ እጅ ላይ ትንሽ ይጣበቃል። አሥር ደቂቃ ያህል አሽታችሁ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት።

ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ደጋ የመጣችሁ ሆይ፣ እዚህ ላይ የለመዳችሁትን ሰዓት እርሱት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፤ ቴፒ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሚዛን ከእሱ ጥቂት ከፍ ይላል። በደጋ እስከ ሦስት ሰዓት የሚጠብቅ ሊጥ በቴፒ ሙቀት በአንድ ሰዓት፣ ቢበዛ በአንድ ሰዓት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ይኮመጥጣል፣ ሲጋገርም ይሰምጣል። ማሻ ወይም ጌጫ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ ተመልሶ እንደ ደጋው ነው። ሌሊት አብኩታችሁ ማለዳ ለመጋገር ካሰባችሁ እርሾውን ወደ ሩብ ማንኪያ አውርዱ፤ ጉንዳን እንዳይደርስበት ዕቃውን ከዛፍ አንጠልጥሉት። በዚህ ጫካ ጉንዳን መሬት ላይ የተቀመጠ ምግብን አይምርም።

ሊጡ እየነፋ ሳለ ቅጠሉን አዘጋጁ። ኮባ ከየቤቱ ጓሮ አይጠፋም፤ ግን ጠይቃችሁ ቁረጡ፤ ለእናንተ መጠቅለያ የሆነው ለባለቤቱ ቀለቡ ነው። ኮባ ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል ይተካዋል፤ ሚዛን አካባቢ ሙዝ ሞልቷል። ቅጠሉን አጥባችሁ የመሐል አከርካሪውን በቢላዋ ላጡ፣ ከዚያ በጥቂት ፍም ላይ ከወዲያ ወዲህ አሳልፉት። ቀለሙ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ሲያደላና ሲለሰልስ ይተጣጠፋል፤ ያልተጠበሰ ቅጠል ግን ሲታጠፍ ይቀደዳል፣ ሊጡም በቀዳዳው ይፈስሳል። ሦስት ወይም አራት ቅጠል እርስ በርስ እየደረባችሁ የድስቱን ወለልና ጎን አልብሱ፤ ጫፎቹ ከድስቱ አፍ ወጥተው ይንጠልጠሉ።

አሁን የመጋገሪያውን ከሰል አያይዙ። በአንድ ጊዜ ብዙ አያይዙና ጥቁሩ ሁሉ ጠፍቶ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ግማሽ የተያያዘ ከሰል ይጤሳል፣ ሙቀቱም ይዋዥቃል።

ድስቱ ወለል ላይ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ ሦስት ትንንሽ ደረቅ ጠጠሮች አድርጉና በላያቸው ከድስቱ ጠበብ ያለ ሳህን ወይም መጥበሻ ካላችሁ አስቀምጡ፤ ቅጠሉንና ሊጡን በዚያ ውስጥ ታደርጋላችሁ። በመካከል የሚቀረው አየር የታችኛውን እሳት ያበርደዋል። ሳህን ከሌላችሁ ከሥር አንድ ቅጠል ጨምሩ፤ ያኛው ቢያር የላይኛው ዳቦውን ያድናል። ሊጡን ገልብጡ፣ እጃችሁን በውሃ ነክራችሁ ላዩን አስተካክሉ፣ ከድስቱ ቁመት ግማሽ በላይ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደገና ይንፋ። ከዚያ የተንጠለጠሉትን ቅጠሎች ወደ ውስጥ እጠፉና ክደኑ።

እሳቱን ስታካፍሉ ደንቡ ይህ ነው፦ ከታች አንድ እጅ፣ ከላይ ሁለት እጅ። ፍሙን በመቆንጠጫ እያነሣችሁ ምድጃው ውስጥ ወለሉን በስሱ የሚሸፍነውን ያህል ብቻ አስቀሩ፤ መሐሉን ባዶ አድርጋችሁ ወደ ዳር ዳሩ ግፉት። የእሱን እጥፍ ክዳኑ ላይ አድርጉ፤ እዚህም ዳሩ ይብዛ፣ መሐሉ ይሳሳ። ሙቀት ከታች ወደ ላይ ይወጣልና የታችኛው ቢያንስ አይጎዳም፤ ከላይ ያለው ግን ወደ ታች የሚወርደው በግድ ስለሆነ ብዛት ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች አትክፈቱት። ክዳኑ በተነሣ ቁጥር ያጠራቀማችሁት ሙቀት ይወጣል። በየአሥራ አምስት ደቂቃው ድስቱን ሩብ ዙር አዙሩ፣ ክዳኑን ደግሞ በተቃራኒው፤ አንድ ወገን የበረታ ፍም ቢኖር ዳቦው ላይ እንዳይታወቅ ነው። ከላይ ያለው አመድ ሲወፍር በማራገቢያ አራግፉለት፣ ከከሰመም ጨምሩ። ከታች ግን ከመጨመር ተቆጠቡ። ኮባው ሲጠበስ የሚያወጣው ጣፋጭ ሽታ በሃያኛው ደቂቃ አካባቢ ይጀምራል፤ የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ድስቱን ከምድጃው አውርዳችሁ በድንጋይ ላይ አስቀምጡና በላይኛው እሳት ብቻ ጨርሱት።

በ45 ደቂቃ ገደማ ክዳኑን በመንጠቆው አንሡ። አመዱ ወደ ዳቦው እንዳይወርድ ክዳኑን ሳታዘነብሉ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አውጡት። ቅጠሉን ገልጣችሁ ቀጭን ቢላዋ መሐሉ ድረስ ስደዱ፤ ሊጥ ይዞ ከወጣ ከድናችሁ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ጨምሩለት። ንጹሕ ከወጣና ዳቦው ሲመታ የባዶ ነገር ድምፅ ከሰጠ ደርሷል። ከነቅጠሉ አውጥታችሁ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። እንደሞቀ የተቆረሰ ድፎ ውስጡ ይጣበቃል፤ ልጆቹ ቢቸኩሉም አትስሙ። ከዚህ አካባቢ ነጭ የጫካ ማር ጋር ብሉት።

ጎደሬ፣ ቆጮና ሌላው

ዱቄት ከሌላችሁ አገሩ ራሱ ይመግባችኋል። ጎደሬ ጥሩ የውጭ ምግብ ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፣ በጆንያ ይያዛል፣ በቡናም በዳጣም ይበላል። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል፦ ጥሬነቱ ፈጽሞ መጥፋት አለበት። ውስጡ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ፤ ምላስና ጉሮሮ የሚያሳክኩት እነሱ ናቸው። እጃችሁን ዘይት ቀብታችሁ ላጡት ወይም ከነልጣጩ ቀቅሉት፤ ቢላዋ ያለ ችግር ሰንጥቆት እስኪያልፍ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፍላ። “በሰለ እንዴ?” ብሎ በምላስ መሞከር አይገባም። ቦዬም እንዲሁ ይቀቀላል፣ እሱ ግን ይህን ያህል አይከፋም።

ቆጮ ለጫካ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ይመቻል። የተቀበረው ቆጮ ወራት ስለሚቆይ እርሾም ማቆያም አይጠይቅም። ውሃውን በጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ ጨምቁ፣ ቃጫውን በቢላዋ ከትፉ፣ ጨው ነስንሱና በጣት ውፍረት ጠፍጥፋችሁ በሁለት የኮባ ቅጠል መሐል አድርጉ። ምጣዱ ላይ አንዱን ወገን አሥር ደቂቃ፣ ገልብጣችሁ ሌላውን አሥር ደቂቃ። የድፎውን ዘዴ ተጠቅማችሁ ከላይ ፍም ከደረባችሁ መገልበጡም ይቀራል።

የበቆሎ እሸት ፍም ላይ፣ የበሰለ ሙዝ ከነልጣጩ በረመጥ ውስጥ፣ ይህን ማንም ያውቃል። ሽሮ ስትሠሩ ግን ጥምዝ ጨምሩበት፤ እዚሁ ጫካ ውስጥ የሚወጣ ረጅም ቃሪያ መሳይ ቅመም ነው፣ ኃይለኛ ስለሆነ አንዲት ፍሬ ተወቅጣ ለአንድ ድስት ትበቃለች። ማማሰያ ወይም መቆስቆሻ የሚሆን እንጨት ከዛፍ ስትቆርጡ ብርብራን ተዉ። ቡናን ከሚያጠልሉት ዛፎች አንዱ ነው፤ ፍሬው ዓሣ ለማደንዘዝ የሚያገለግል መርዝ አለው፣ ከምግብ ጋር ምንም ባያገናኙት ይሻላል።

ውሃ ከምንጭ የቀዳችሁ ከሆነ ለመጠጥ አፍሉት። ውሃ በቴፒ ከፍታ 96 ዲግሪ አካባቢ፣ በማሻ ከፍታ ደግሞ 93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በታች ከሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ማሻ ላይ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። ባቄላና ምስርም በዚያ ከፍታ ዘግየት ብለው ይበስላሉ፤ ከሰሉን በዚያው ልክ ያዙ።

ቡናው

ከአልጋው ላይ ዘግኖ ለመቁላት የሚያምራችሁ ትኖራላችሁ፤ ባለቤቱ ቢፈቅድም አይሆንም። ገና እርጥበቱ ያልወጣ ቡና ሲቆላ ላዩ ይጠቁርና ውስጡ ጥሬ ይሆናል። የደረቀና የተፈለፈለ ቡና ጠይቁ። ዳቦው ሲወጣ ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም ለመቁላት ልክ ነው፦ ነበልባል የለውም፣ አመድ ለብሷል። ብረት ምጣዱን ጥዳችሁ ያለ ማቋረጥ አማስሉ። መጀመሪያ የሣር ሽታ፣ ከዚያ የቆሎ ሽታ ይመጣል፤ መሰንጠቁ ሲሰማና ዘይቱ ላዩ ላይ ብልጭ ማለት ሲጀምር አውርዱ።

የአገሬው ሰው ሌላም ያፈላል። ጨሞ የሚሉት ከቡና ቅጠል የሚዘጋጅ መጠጥ በቤንችና በሸኮ ቤቶች የተለመደ ነው፤ ቅጠሉ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳምና ከሚጥሚጣ ጋር ተወቅጦ ይፈላል። ዝናብ ለመታው ለቃሚ ከዚህ የተሻለ የሚያሞቅ ነገር አላውቅም። ቅጠሉን ራሳችሁ አትሸምጥጡ፤ የትኛው እንደሚለቀምና ስንት እንደሚበቃ የሚያውቁ እናት ካገኛችሁ እሳትና ውሃ አቅርባችሁ ያፍሉላችሁ፣ እናንተ ደግሞ ድፎውን ቁረሱላቸው።

ሰፈሩን ስትለቁ

ክዳኑ ላይና ምድጃው ውስጥ የተረፈውን ፍም ክዳን ወዳለው ጣሳ ክተቱና ግጥም አድርጋችሁ ዝጉት። አየር ሲያጣ ይጠፋል፤ ግማሽ የነደደ ከሰል በሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ቀድሞ ይያያዛል። ትኩስ የሸክላ ምድጃ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ ይሰነጠቃል። አመዱን ከውሃ ጋር አቡክታችሁ በመዳፋችሁ ጀርባ እየነካችሁ ሙቀት እስኪያጣ ድረስ ጠብቁ፤ ከዚያ ከቡናው ግንድ ራቅ አድርጋችሁ በትኑት። የኮባ ቅጠሉ እዚያው ይበሰብሳል፣ የእርሾውን ላስቲክና የዘይቱን ጠርሙስ ግን ወደ ከተማ መልሱ። ድስቱን የውጪውን ጥቀርሻ አሸዋና አመድ ይዛችሁ ፈትጉት፣ ውስጡን ግን ዘይት ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ አብሱ፤ በዚህ እርጥበት ያልደረቀ ብረት ድስት ሳምንት ሳይሞላው ይዝጋል።